በጣት 78፣ በጆሮ 93፦ በአንዲት እናት ላይ ኦክስጅን ያልደረሳቸው ሁለት ቦታዎች

ለምን እንደጻፍኩት

ለአንዲት ታካሚዬ ቤተሰብ «የእናታችሁ ሕመም ኦክስጅን ማጣት ነው» አልኳቸው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የእርሻ በሬ አሸጠ፤ ሦስት ሳምንትም አባከነ። ያልኩት ሐሰት አልነበረም። የእናትየው የጣት ቁስልና የማህፀን በር ካንሰር በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ በሁለቱም ቦታ ሕብረ ሕዋሱ የሚበቃውን ኦክስጅን አያገኝም። የተናገርኩት ግን የእውነቱን ግማሽ ነበር፤ ቤተሰቡ ደግሞ በዚያ ግማሽ ላይ ተመሥርቶ አቅሙ የቻለውን ሁሉ አደረገ። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ሕክምናው እንዴት እንደሚጠላለፍም ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ጎንደር የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ታካሚዋ ታሪካቸው ለሌላ ሰው ትምህርት እንዲሆን እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና የታከሙባቸውን ተቋማት አልጠቅስም።

ሲመጡ የነበሩበት ሁኔታ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የመጡ እናት ናቸው። ኑሯቸው ጥጥ መፍተል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ጀምሮ ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው እንደ ወረቀት ይነጣል፤ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ ሲሞቃቸው ደግሞ ቀልቶ ያቃጥላቸዋል። እየቆየ የእጃቸው ቆዳ ተወጠረ፣ አፋቸውም እንደ ልብ አልከፈት አለ። «እንዝርቱ ከእጄ ያመልጣል ልጄ፤ ጣቴ የኔ አልመስልሽ አለኝ» ሲሉ ለነርሷ ነግረዋታል።

በሁለተኛው ዓመት የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣትና የመሐል ጣት ጫፋቸው ቆሰለ። ጎረቤት ቁምጥና ነው ብሎ ራቃቸው፤ ቡና የሚጠራቸው ጠፋ። አንድ ተቋም ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጣቸው። ሌላው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ብግነት የሚቀንስ ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን አዘዘላቸው። የሥጋ ደዌን ጥርጣሬ ለማስወገድ ግን ብዙ አያስፈልግም ነበር፤ በሥጋ ደዌ የሚቆስል ጣት አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ የደነዘዘ ነው። የሳቸውን ቁስል በጥጥ ጫፍ ስነካው ትከሻቸው ድረስ ተሸማቀቁ።

እኛ ዘንድ የደረሱት በታኅሣሥ፣ ንጋት ላይ ከደባርቅ በተነሣ ሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነው። ተረኛው ባልደረባዬ ጣታቸው ላይ ኦክሲሜትር፣ የደምን የኦክስጅን ሙሌት በመቶኛ የሚያነበውን መለኪያ፣ ሲያደርግ 78 አለ። ሰው በ78 ብዙ ጊዜ ተቀምጦ አያወራም፤ እሳቸው ግን የመንገዱን ውርጭ በርጋታ ይተርኩ ነበር። ኦክስጅን ተከፈተላቸው። ቁጥሩ 81፣ 76፣ 79 እያለ ዋለለ። መጀመሪያ የጥፍራቸውን እንሶስላ ጠረጠርን። እጃቸውን ስይዘው ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ኦክስጅኑን ዘግተን ጥቂት ቆየንና በጆሮ ጫፍ የሚያዘውን መለኪያ ብናደርግላቸው 93 ሆነ። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላለች ከተማ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

መሣሪያው አልተበላሸም። የሚያነበው በጣት ውስጥ የሚመታውን ደም ነው፤ ጣቱ ውስጥ የሚመታ ደም ከሌለ የሚያወጣው ቁጥር ትርጉም የለውም። ያ የተሳሳተ 78 ሳያስበው ወደ ምርመራው መራን፦ ሳንባቸው ኦክስጅን ያስገባል፣ ደሙም ይሸከማል፣ ጣት ላይ ግን አይደርስም። ከቆዳው መወጠርና ከደም ምርመራው ጋር ሲደመር ስክሌሮደርማ ሆነ። ሰውነት የራሱን የደም ሥርና ቆዳ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሕመም ነው።

መጋረጃው ውስጥ የተነገረው

ሂሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ 6.8 ነበር፤ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ስክሌሮደርማ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ደም አያሳጣም፤ ጨጓራ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው፣ የለም አሉ። ወንድ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ነርሷ ግን መጋረጃውን ስባ፣ ልጁን «ወንድሜ፣ ካርዱን አስመዝግብልን» ብላ አስወጥታ ብቻቸውን ጠየቀቻቸው። ከሰባት ወር ወዲህ ደም ይፈሳቸዋል። የወር አበባ ካዩ ስምንት ዓመት አልፏል። «ለልጄ ምን ብዬ ልንገረው» አሏት። በምርመራው የማህፀን በር ላይ ዕባጭ ተገኘ፤ ናሙናው ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ፤ ደረጃውም ሁለት ቢ፣ ማለትም ከማህፀን በር አልፎ በዙሪያው ወዳለው ሕብረ ሕዋስ የገባ፣ ሆነ። በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚያበቃ አልነበረም፤ የጨረር ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የጉዳዩ ሥር ስለሆነ።

ሕዋስ ኦክስጅን መጉደሉን የሚያውቅበት መንገድ አለው። ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይመረታል፤ ኦክስጅን ካለ ምልክት ይደረግበትና በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲጠፋ ምልክቱን የሚያደርጉት ኤንዛይሞች ሥራ ይፈታሉ። ሂፍ ሳይፈርስ ወደ አስኳሉ ይገባና በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል፦ የደም ሥር ይብቀል፣ ስኳር በብዛት ይግባ፣ ያለ ኦክስጅንም ቢሆን ኃይል ይመረት ይላል። ይህን አሠራር የፈቱት ግሬግ ሴመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል።

በስክሌሮደርማ ጣት ላይ ትእዛዙ ይተላለፋል፣ ፈጻሚ ግን የለም። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ቀድሞ ተጎድቷል፤ «የደም ሥር አብቅል» የሚለው መልእክት በደም ውስጥ ቢበዛም ደህና የደም ሥር አይበቅልም። ኦክስጅን ያጡት ፋይብሮብላስት የተባሉ የቆዳ ሕዋሳት ደግሞ ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ያመርታሉ። ቆዳው ይወፍራል፣ ሕዋሱ ከደም ይርቃል፣ ኦክስጅኑ የባሰ ይጠፋል። ብግነት ባለበት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እጥረቱ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ያስቆጣል፦ ኒውትሮፊል የተባለው ሕዋስ ሞቱ ይዘገያል፤ ቲ ሴሎች የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ሂፍ ሲበረታባቸው ብግነትን ወደሚያባብሰው ወገን ያዘነብላሉ። በሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ በሚያጠቃበት ሕመም፣ የተያዘ ጉልበት ውስጥም እንዲሁ የኦክስጅን እጥረት አለ።

ካንሰር በበኩሉ ከደም ሥሩ ቀድሞ ያድጋል። ከደም ሥር 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን አይደርሰውም፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ ያለ ኦክስጅን መኖርን ይለምዳል። የሚለምደው ነው ችግሩ። በዙሪያው የሚበቅሉት የደም ሥሮች ጠማማና የሚያፈሱ ናቸው። ሊያጠቃው የመጣ ቲ ሴል አሲድና አዴኖሲን የተባለ አደንዛዥ ነገር ይገጥመዋል፤ የካንሰር ሕዋሱም ፒዲ ኤል ዋን የሚባለውን የማቆሚያ ምልክት ያወጣበታል። በጣታቸው የሰውነትን መከላከያ ያስቆጣው እጥረት በማህፀን በራቸው ያንኑ መከላከያ ያስተኛዋል። ይህን በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለጨረር ሕክምናም ኦክስጅን ወሳኝ ነው። ጨረር የሕዋሱን ዘረመል ሲሰብር ስብራቱ እንዳይጠገን የሚያደርገው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን የሌለው ሕዋስ ለመሞት ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ጨረር ይጠይቃል፤ ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በጨረር ከሚታከሙ የማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎች መካከልም ሂሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለው ውጤታቸው እንደሚከፋ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ያ 6.8 ከጨረሩ በፊት ከፍ ማለት ነበረበት።

በሬው የተሸጠበት ሳምንት

ለልጃቸው ይህን ሁሉ ላስረዳ ፈልጌ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ከበር ውጭ ሌላ ታካሚ እየጠበቀኝ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። «ደም ስጡ» ማለቴንም አስታውሳለሁ፤ ግን በመጨረሻ፣ እግረ መንገዴን ነው ያልኩት።

ለደሙ በተቀጠሩበት ቀን አልመጡም። ስንደውል ልጁ ስልኩን አነሣና «ዶክተር፣ አግኝተንላቸዋል» አለ፣ በደስታ። ያገኙት የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ነው። አንድ ዘመድ ካንሰር ኦክስጅን ባለበት አይኖርም ብሏቸዋል፤ ሐኪሙም ኦክስጅን አጥቷቸዋል ብሏል፤ ሁለቱ ገጠሙ። በሬ ተሸጠ፣ የጎደለው ከዕቁብ ተሞላ። መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ እናትየው ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይተኛሉ፤ ምድጃው የሚነድበት እዚያው ቤት ውስጥ። ኦክስጅን እሳት ያባብሳል፤ ያ ቤት አለመቃጠሉ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ሂሞግሎቢን 6.2። የመሐል ጣቱ ጫፍ ደርቆ ጠቁሯል።

አህያና እህል

ልጁ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። «የጎደለ ካለ ንገረንና እንሽጥ» አለኝ። በዚያ ቀን ወረፋዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጥኩ።

እህል ጎንደር ጎተራ ውስጥ ሞልቷል እንበል፤ ይህ ሳንባችሁ ነው አልኳቸው። ወደ ሰፈሩ የሚያደርሰው አህያ ነው፤ አህያው ደም ነው። የእናታችሁ አህዮች ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ወደ ጣት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጠቧል፤ ብርድ ሲመጣ ጨርሶ ይዘጋል። ካንሰሩ ያለበት ሰፈር መንገድ ሳይወጣለት የተስፋፋ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «እንግዲያ ማሽኑ ሙሉ ጎተራ ላይ እህል ጨመረ እንጂ አህያ አልገዛም» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ የምጨምረው አልነበረም።

ስሌቱን ለሐኪም አንባቢ ላስቀምጥ። አንድ ግራም ሂሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። በ6.2 ሂሞግሎቢንና በ93 ከመቶ ሙሌት 100 ሚሊ ሊትር ደም የሚይዘው 7.7 ሚሊ ሊትር ነው። ማሽኑ ሙሌቱን ወደ 99 ቢያደርሰው፣ በደም ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ተጨምሮ እንኳ፣ 8.6 ገደማ ይሆናል። ሂሞግሎቢኑ 10.2 ሲሆን ግን ያለ ምንም ማሽን 12.7 ነው።

ሌላም ጥያቄ ነበራቸው፦ ደጋ መኖራቸው ይሆን? ወደ መተማ፣ ወደ ቆላ ዘመድ ይወሰዱ? አይሆንም አልኩ። የሰሜን ተራራ ሰው በከፍታው አልታመመም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ነበር፤ ሂሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው አይለይም። እናትየውን የጎዳቸው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ብርዱ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ካለች ልጃቸው ጋር ቢከርሙ ይበቃል።

የተደረገው

ልጁና ሦስት የመንደሩ ወጣቶች ደም ሰጡ። ልብ እንዳይጨናነቅ አራቱ ከረጢት በሁለት ዙር ተሰጠ፤ ሂሞግሎቢን 10.2 ደረሰ፣ አይረንም ተጀመረ። ደም የሚጨምረው ኤሪትሮፖይቲን መርፌ ለምን አይሰጥም ያለ ባለሙያ ነበር። ለመዳን በሚታከም የካንሰር ታካሚ ላይ አልፈለግሁትም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ሂሞግሎቢኑን ከፍ ቢያደርግም ካንሰሩ የከፋባቸውና ዕድሜያቸው ያጠረ ታካሚዎች ታይተዋል፤ ደም ማርጋቱም አለ።

ለጣቱ የደም ሥር የሚያሰፋውን ኒፌዲፒን፣ በቀስታ የሚለቀቀውን፣ ሰጠን። ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ቀነስን፤ በስክሌሮደርማ ከፍተኛ መጠን ኩላሊትን በድንገት ሊጥል ይችላል። ከምድጃው እንዲርቁ አደረግን፤ በጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተረፈውን ሂሞግሎቢን ይይዝባቸዋል። ጓንት ብቻ አይበቃም፤ ደረት ሲበርድ ጣት ይዘጋልና ጋቢ ላይ ሹራብ ተጨመረ።

የቀረው የጸበሉ ጉዳይ ነበር። በጾም ወራት በየንጋቱ ይጠመቃሉ፤ ከዚያ ለሰዓታት ጣታቸው አይመለስም። ተዉ ማለት ከኔ አልወጣም፣ መብቱም የለኝም። ልጃቸው የንስሐ አባታቸውን ይዞልኝ መጣ። ጣታቸውን አሳየኋቸው። ካህኑ ቁስሉን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ጠጪ፤ ፀሐይ ሲወጣ ግንባርሽን እረጭሻለሁ» አሏቸው። ከሁሉም መድኃኒት ይልቅ ይህ ሳይቆራረጥ የተፈጸመ ትእዛዝ ነው።

የከበደው የጨረሩ ውሳኔ ነበር። ስክሌሮደርማ ያለበት ሰው ከጨረር በኋላ ሕብረ ሕዋሱ ከሌላው በላይ ሊጠነክር ይችላል። በተለምዶ ከጨረር ጋር የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የጣት ደም ሥር መዘጋትንም ሊያባብስ ይችላል። የቆዳውን ጥንካሬ ለማለዘብ ያሰብኩት የመከላከያ አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ደግሞ በካንሰሩ ዘንድ ቀድሞ የተኛውን መከላከያ የባሰ ያደክመዋል። ከካንሰር ሐኪሞቹ ጋር ሁለት ጊዜ ተወያየን። ጨረሩ ያለ ሲስፕላቲን እንዲሰጥ፣ የኔ መድኃኒት ለጊዜው ሳይጀመር እንዲቆይ ተስማማን። ወረፋው ሁለት ወር ተኩል ፈጀ፤ በመካከሉ ደም እንደገና ስለወረደ አንድ ከረጢት ተጨመረ። ጨረሩን አዲስ አበባ ጨረሱ።

የሠራውና ያልሠራው

የአመልካች ጣቱ ቁስል በአሥራ አንድ ሳምንት ተዘጋ። የመሐል ጣቱ ጫፍ ግን አልተረፈም፤ የመጀመሪያው አንጓ ተቆረጠ። ያ ሦስት ሳምንት ባይባክን ይተርፍ ነበር ወይ? ደርቆ የጠቆረው በዚያው ጊዜ ነው፤ ኃላፊነቱን ከራሴ ላይ አላነሣም።

መድማቱ ጨረር በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቆመ። ከጨረር ከአሥራ አራት ወር በኋላ በምርመራ የሚታይ ዕባጭ የለም። ዋጋ ግን አስከፍሏል፦ የታችኛው ሆዳቸው ቆዳ ጨረሩ ባረፈበት ልክ ጠንክሯል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቅማጥ አለባቸው። ቀድመን የፈራነው ነው።

ኮንሰንትሬተሩን የሚገዛ አልተገኘም። ልጁ ለአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ አዋሰው፤ እዚያ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ይተነፍሱበታል። ለነሱ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ የነሱ እጥረት ጎተራው ላይ ነውና።

ሌላ ቦታ የሚያገለግሉ ነጥቦች

በቀዘቀዘ እጅ ላይ የተነበበ ቁጥር ከመታመኑ በፊት እጁ ይሙቅ፣ ወይም በጆሮ ይለካ። ደህና ቁጥርም ቢሆን የሚናገረው ስለ ደም ነው፤ ሕብረ ሕዋሱ ጠግቧል ማለት አይደለም። እኔ አሁን ሦስት ጥያቄ በተራ እጠይቃለሁ፦ ይገባል ወይ፣ የሚሸከመው አለ ወይ፣ ይደርሳል ወይ። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስክሌሮደርማ ባለበት ሰው ላይ ያልተብራራ የደም ማነስ ሲገኝ ለሕመሙ ተብሎ አይታለፍ። ሴት ከሆነች ስለ መድማት በግል፣ ቢቻል በሴት ባለሙያ ትጠየቅ። የኛ ነርስ መጋረጃውን ባትስብ ኖሮ ጣት እያከምን ካንሰሩን እናሳድግ ነበር።

ቤተሰብ ሲሰናበት የሰማውን በራሱ አፍ ይንገረን፤ ምን ሊገዛ እንዳሰበም ይጠየቅ። ይህ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። «ኦክስጅን አጥቷቸዋል» የሚለውን አነጋገር ትቼዋለሁ፤ «ደም አንሷቸዋል፣ መንገዱም ጠቧል» እላለሁ፣ ወዲያው ቀጥዬም ምን እንደሚደረግ።

አሁን

እናትየው አዘዞ ናቸው። እንዝርቱን በግራ እጃቸው ለምደውታል፤ ባለፈው ቀጠሮ ለነርሷ አንድ ልቃቂት ይዘውላት መጥተዋል። ግን ደረቅ ሳል ጀምሯቸዋል፤ ዳገት ሲወጡም ይደክማሉ። ስክሌሮደርማው ወደ ሳንባ እየገባ ከሆነ ያቆየሁትን መድኃኒት መጀመር ይኖርብኛል፤ ካንሰሩ ከታከመ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። የሳንባ ሲቲ ስካን ታዝዟል፤ ከፋሲካ በኋላ ከካንሰር ሐኪሞቹ ጋር እንደገና እንቀመጣለን። በዚህ ጊዜ ልጁም አብሮን ይቀመጣል።